በሩ የቀደመበት ዘፈን

ዜማ ደራሲው ሲገደል መርማሪዋ አስራ አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በደስታ እያለቀሰች ነበር። ኋላ ስታስበው ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይኸው ነው። ከሟቹ ጋር የሚለያያቸው አንድ መጋረጃና አንድ አጭር ኮሪደር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እሷ አፍንጫዋን በታናሽ እህቷ ሻርፕ ትጠርግ ነበር።

ባንዱ ከተበተነ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንደገና ሊገናኙ ነው የተባለ ዕለት እህቷ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ደውላ፣ «እትዬ፣ ወንጀለኞችሽን ለአንድ እሁድ ተያቸው፤ ትኬት ይዣለሁ» አለቻት። ኮንሰርቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ገና ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ላይ ያለው ጥበቃ የውኃ ጠርሙሳቸውን ቀማቸው፤ ቦርሳዋን ሲበረብር የፖሊስ መታወቂያዋን አየና ሰላምታ ሰጣት፤ ጠርሙሱን ግን አልመለሰም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰው መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ባርኔጣዎን ቢያወልቁልን» አለች እህቷ።

«ራሴን ይበርደኛል» አለ ሰውየው፣ ዞር እንኳ ሳይል።

አራቱ የባንዱ አባላት ሲወጡ ግን ሁሉም ነገር ተረሳ። ድራመሩ ሆዱ ቀድሞት ገባ። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሴት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ዜማ ደራሲው እንደ ድሮው ሕዝቡን ሳያይ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ «መረዋ» እያለ የሚጠራው ድምፃዊ ነጭ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ሦስት ሺህ ሰው ተነሥቶ ጮኸ፤ መርማሪዋም ጮኸች፤ ስትጮኽ የምታውቃት እህቷ ብቻ ናት።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ዘፈኑ ዝቅ ብሏል እንዴ? ወይስ እኛ ነን ያረጀነው?»

«ሁለቱም።»

እውነትም ሁሉም ዘፈን ከድሮው ከፍታ ወርዷል። መረዋ ላይኛውን ድምፅ መድረስ ሲያቅተው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፤ ሕዝቡም በደስታ ይዘፍንለታል። ከኋላቸው፣ ከመቀመጫዎቹ መሐል በተከለለች ቦታ፣ የድምፅ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እጁ አላርፍ ብሎ ነበር።

ከዚያ «ያለ መብራት» መጣ።

ይህን ዘፈን የሚወዱ ሁሉ ታሪኩን ያውቁታል። ባንዱ የመጀመሪያውን ካሴት ሲቀርጽ መብራት ጠፋ። ዜማ ደራሲው በባትሪ የሚሠራ ቴፕ አምጥቶ፣ «ያለ ሙዚቃ ዝፈነው፤ ለማስታወሻ ይሆነናል» አለ። መረዋ በጨለማ ወረቀቱን ማየት ስላልቻለ ግጥሙን አገላበጠው። ዜማ ደራሲው የጻፈው መጀመሪያ የመስኮቱን ነበር፦ «በመስኮቱ አየሁሽ ከሩቅ ስትመጪ።» ቀጥሎ የበሩን፦ «በሩን ስትዘጊው ቤቱ ጨለመብኝ።» ሴትየዋ ትመጣለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። ያ የጨለማ ቅጂ ግን እንዳለ ካሴቱ ላይ ወጣ፤ በዚያ በሩ ቀደመ፤ ሄዳ ተመለሰች። ሕዝቡ ያንን ወደደው። ደራሲው በዚህ እንደ ተናደደ ኖረ። መድረክ ላይ ሁልጊዜ እንደ ተጻፈው በመስኮቱ እንዲጀመር መረዋን አስማለው። ስለዚህ በየኮንሰርቱ መብራቱ ይጠፋል፣ ባንዱ ከመድረክ ወርዶ ያርፋል፣ መረዋ ብቻውን ይቀራል። ሕዝቡ በበሩ ይጀምራል፣ እሱ በመስኮቱ፤ ለስድስት ደቂቃ ይፎካከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ይህ የነሱና የሱ ጨዋታ ነበር።

በዚህ እሁድ መብራቱ ጠፋ። ሕዝቡ በበሩ ጀመረ። እሱም በበሩ ጀመረ።

በድሮው ድምፅ፣ በድሮው ከፍታ፣ ጥርት ብሎ። በመድረክ ላይ ሆኖ የማያውቀው ሆነና አብረው ዘፈኑ። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። መርማሪዋ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

መብራቱ ሲመለስ መረዋ ማይኩ ፊት ቆሞ እጅ ነሣ። ሌሎቹ ግን አልወጡም። ጥቂት ቆይቶ ከጎን መጋረጃው ኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። መጋረጃው ተዘጋ። «የመብራት ብልሽት ስላጋጠመን በትዕግሥት ይጠብቁን» ተባለ።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው» አለ ባለ ባርኔጣው።

የመድረክ አስተባባሪዋ በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር እየሮጠች አስራ አንደኛው ረድፍ ደረሰች። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ማዳመጫ ተንጠልጥሏል።

«እርስዎ ፖሊስ ነዎት ብሎኝ ነው» አለች። «እባክዎ ይምጡ። ሰው ሞቶብናል።»

መርማሪዋ ሻርፑን ለእህቷ መለሰችላት።

*

ዜማ ደራሲው ከመድረኩ በስተቀኝ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ በጀርባው ወድቋል። ግንባሩ ተፈርክሷል። አጠገቡ የማይክ ማቆሚያ ክብ ብረት ተጥሏል። ኮቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቋል፤ ሌላው እጅጌ ከሥሩ ተጣጥፏል። ግድግዳው ላይ ከመድረኩ ድምፅ የምታመጣው ትንሽ ስፒከር ተከፍታ፣ የሚጠብቀውን ሕዝብ ፉጨት ታሰማለች።

መርማሪዋ ጠረጴዛውን አየች። የዘፈኖቹ ዝርዝር ነበረበት፤ ከላዩ ቀይ እርሳስ። ሟቹ መረዋ የሳተውን ሁሉ በጎኑ ጽፏል። «ትንፋሽ የለውም።» «እዚህ ጋ ሸሸ።» «ሕዝቡ አዳነው።» ከ«ያለ መብራት» ጎን፣ ተረጋግቶ በተጻፈ ፊደል፦ «ዛሬ ይሰሙታል።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«ደግ ሰው አልነበረም» አለች መርማሪዋ።

ረዳቷ የሆነው ሃምሳ አለቃ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። በሮቹ ሁሉ ተዘጉ። ሕዝቡ መብራት እየተጠገነ ነው በሚለው ተስፋ ቁጭ ብሎ በየተራ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል፣ ይሳደባል።

የመድረክ አስተባባሪዋ መጀመሪያ ተጠየቀች። ማዳመጫዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጥብቃ ጨበጠችው።

«በሕይወት ያየሽው መቼ ነው?»

«መብራቱ ሲጠፋ። ውኃ አስገባሁለት። ስፒከሩን ከፍ አድርጊልኝና በሩን ዝጊው አለኝ። እየሳቀ ነበር። እሱ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«በግራ መጋረጃ በኩል ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ዘፈኑ አልቆ መብራት ስናበራ ሊወጣ ሲገባው ቀረ። ሄድኩ። ያኔ...»

«ኮሪደሩ ጨለማ ነበር?»

«አዎ። የቀኙን አምፖል እንድናጠፋ ታዘን ነበር። ብርሃኑ ወደ መድረኩ ሾልኮ ጨለማውን ያበላሸዋል ተብሎ።»

«ማን አዘዘ?»

«መረዋ ራሱ። ሐሙስ ዕለት፣ ልምምድ ላይ።»

ድራመሩ ቀጥሎ ገባ። ወንበሩ ከሥሩ አቃሰተች። ሰማያዊ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሏል።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ጠልቼው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው ፊት፣ "አንተ ከበሮ አትመታም፣ በርሜል ነው የምትደበድበው" ሲለኝ ከርሟል። ግን ለመግደል መነሣት ያስፈልጋል፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሕዝቡ ይሰማል።»

«በዘፈኑ ጊዜ የት ነበሩ?»

«ከጓሮ በር ውጭ። ሲጋራ።»

«ያየዎት ሰው?»

«አንዲት ድመት።»

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ከደጅ ጠራት። ከቀኝ መጋረጃ ጀርባ በተቀመጠው የድራመሩ የጸናጽል ሣጥን ውስጥ ነጭ ፎጣ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። ሲፈታ ውስጡ ደም ነው።

«ያዝነው እኮ ኢንስፔክተር!» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ፊቱ በርቶ።

«ሣጥኑን እንጂ ሰውየውን አልያዝንም» አለችው። «የሱ ፎጣ ሰማያዊ ነው።»

ቤዝ ጊታሪስቷ ግራ በኩል ባለችው ክፍሏ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች አገኟት። የሟቹ ባለቤት ነበረች፤ ተለያይተው ባንዱም የተበተነው በዚያው ዓመት ነው።

«አላለቅስም» አለች። «እንዳታዝኚብኝ።»

«ለምን ተመልሶ ባንዱን ሰበሰበው? የጠላው ሰው ብዙ ነበር።»

«የሚጠላውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ለማግኘት ነዋ!» ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው ቆመ። «እኔን በመድረክ ላይ ሊያየኝ ፈለገ፤ አርጅቼ። ድራመሩን ሊሰድበው። መረዋን ደግሞ ሊያዋርደው። የመረዋ ድምፅ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹን ዘፈኖች ዝቅ አደረገለት። "ያለ መብራት" ግን ሙዚቃ የለውም፤ የሚደብቀው የለም። ተወው፣ ከዝርዝሩ አውጣልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነው። አንድ ጊዜ ተንበርክኮ፤ አይቻለሁ።»

«ምን አለው?»

«"በድሮው ከፍታ ትዘፍነዋለህ፤ ካልቻልክም ትሰበራለህ" አለው።»

«ዛሬ ግን ዘፈነው።»

ሴትየዋ እግሯን ማሻሸት ተወች። «አዎ። ከዚህ ክፍል ሰማሁት። እኔም እንደናንተ ደነገጥኩ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያቺ የዘፈኑ ሴት እኔ ነኝ» አለች። «ሕዝቡ ምንም ቢል አልተመለስኩም።»

መረዋ በመስታወት ፊት ተቀምጦ ነበር። ከመስታወቱ ዙሪያ አምፖሎች ሁለቱ ተቃጥለዋል። ስትገባ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እመቤት። ትልቅ ቀንሽን አበላሸንብሽ። ከሕዝቡ መካከል ነበርሽ አሉኝ።»

«አስራ አንደኛው ረድፍ።» ከኪሷ የካሴት ሽፋን አወጣች። «እህቴ አስፈርሚልኝ ብላኝ ነው። ጊዜው አይደለም ብላትም አልሰማ አለች።»

ድምፃዊው ሽፋኑን ተቀብሎ በፍቅር አየው፤ አራቱም ወጣቶች ነበሩበት። ፈረመ። ሽፋኑን መለሰላት።

«ዛሬ በበሩ ጀመሩ» አለችው።

«ሕዝቡ ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቆኛል። አንድ ቀን ብሸነፍለት ምን አለበት?»

«ድምፅዎም ተመልሶ ነበር።»

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። መጣልኝ።» ፈገግ አለ። «ለአንድ ዘፈን ብቻ።»

«ለአንድ ዘፈን ብቻ» አለች መርማሪዋም።

ከደጅ ሃምሳ አለቃው እየጠበቀ ነበር። «አንዱ እንኳ ከዝርዝራችን ወጣ» አለ። «ይኼ ሦስት ሺህ ምስክር አለው።»

«ሦስት ሺህ አንድ። እኔም አለሁበት።»

*

እህቷ አዳራሹ ውስጥ በባለ ባርኔጣው ተናዳ ተቀምጣለች። መርማሪዋ የተፈረመውን ሽፋን ሰጠቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«በጨለማው ጊዜ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«በጨለማ ምን ይታያል? አንቺ ስታለቅሺ ሰማሁ።»

«ሌላ።»

«ሌላማ... ወደ ኋላ ዞር ብዬ ነበር፤ የሰዉን ፊት ለማየት። የድምፅ ባለሙያው ትንሽ መብራት አለችው አይደል? እሱ እንኳ እጁን አጣጥፎ፣ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ያዳምጥ ነበር። አሳዘነኝ፤ እሱም እንደኛ ናፍቆት ይሆናል አልኩ።»

መርማሪዋ ዞራ የድምፅ ባለሙያውን ቦታ አየች። «እሺ። መብራት ሲመጣስ?»

«መረዋን ነዋ ያየሁት! ምስኪን፣ እንዴት እንደሚያለከልክ። ዘፈኑ ገደለው። ፎጣውንም ሳይወረውርልን ቀረ። ከዚህ ዘፈን በኋላ ሁሌ ይወረውር የለ? ፊት የተቀመጡት ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ፤ አንዷማ እስካሁን ታለቅሳለች።»

«ጨለማው ሲጀምር ፎጣው አንገቱ ላይ ነበር?»

«ሁላችንም አይተነዋል፣ እትዬ። ምነው፣ አንቺ አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ፣ እየተነሣች። «ማየት ብቻ ነው ያየሁት።»

*

ሁሉንም በተዘጋው መጋረጃ ጀርባ፣ መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ድራመሩ ከከበሮው ኋላ ተቀመጠ። ቤዝ ጊታሪስቷ ባዶ እግሯን ቆመች። አስተባባሪዋ ከግራ መጋረጃ፣ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ፣ ቀጭን፣ ገመድ ትከሻው ላይ የጠቀለለ ጎልማሳ፣ ከሃምሳ አለቃው አጠገብ። መረዋ መሐል ላይ፣ ከማይኩ ጎን ቆመ፤ ቆሞ የኖረበት ቦታ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ሕዝቡ «መረ-ዋ! መረ-ዋ!» ይላል።

«ደራሲው የሞተው በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ ነው» አለች መርማሪዋ። «ጨለማው ሲጀምር ውኃ ተቀብሏል፤ ሲያበቃ ሞቷል። እንዲያውም መጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰውየው ይህን ዘፈን ሊሰማ ሲዘጋጅ ሦስት ሳምንት ከርሟል። ስፒከሩን ከፍ አስደርጓል። እርሳሱ ተቀርጿል። ሊስቅ ነው። ታዲያ ዘፈኑ እንደ ጀመረ እርሳሱን ጥሎ ኮቱን ለመልበስ ተነሣ። ምን ሰማ?»

አንድ እርምጃ ወደ መረዋ ጠጋ አለች።

«በሩን ሰማ። በሩ ቀድሞ የተዘፈነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ የባትሪ ቴፕ ላይ። ከዚያ ወዲህ በመድረክም በልምምድም አንድም ጊዜ አልተዘፈነም። ደራሲው በአንዲት መስመር አወቀ። የሚዘፍነው ሰው ሳይሆን ካሴቱ ነው። ወጥቶ ለሦስት ሺህ ሰው ሊናገር ኮቱን አነሣ።»

«ለሕዝቡ ስል ነው በበሩ የጀመርኩት ብዬሻለሁ» አለ መረዋ፣ በትዕግሥት።

«ብለውኛል። ከፍታውም እግዜር የሰጠዎት ነው። ይሁን። የድምፅ ባለሙያው ግን ከሰዓቱን ሙሉ እጁ ከቁልፉ አልተለየም፤ የርስዎን ድምፅ ሲያነሣ፣ ሲደግፍ፣ ሲያለሰልስ። አንድ ሰው ያለ ሙዚቃ ሲዘፍን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያ ዘፈን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «ምን ያዳምጡ ነበር?»

ባለሙያው ገመዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማይኩ ክፍት ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ። «የሚነካ ነገር አልነበረውም።»

«እሺ። ወደ ፎጣው እንምጣ። መብራቱ ሲጠፋ ነጩ ፎጣ መረዋ አንገት ላይ ነበር። መብራቱ ሲበራ የለም፤ ለሕዝቡም አልተወረወረም። በደም ተጨማልቆ፣ ከቀኝ መጋረጃ ጀርባ፣ የዚህ ሰው ሣጥን ውስጥ ተገኘ።»

ድራመሩ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። «የኔ ሣጥን ውስጥ?» አለ መረዋን እያየ። «ጥፋቱን እኔ ላይ ልትጥል ነበር? ሃያ ሦስት ዓመት የራቀኝን ወንድሜን አገኘሁ ብዬ ትናንት ለልጆቼ ሳወራ ያደርኩት እኔ?»

«ፎጣውን ማይኩ ማቆሚያ ላይ ሰቅዬው ነበር» አለ መረዋ። «በጨለማ ማንም ሊወስደው ይችላል።»

«ማንም አይደለም፤ የቀኙን ኮሪደር አምፖል ከሐሙስ ጀምሮ ያስጠፋ ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «ካሴቱ እንደሚዘፍን ያወቀ፣ ደራሲው በአንዲት መስመር እንደሚነቃ ያወቀ፣ ከነቃም ዝም እንደማይል ያወቀ ሰው። ስለዚህ ከዚህ ማይክ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ አንድ ብረት አንሥቶ፣ በሩን ከፈተ። ደራሲው ኮቱን እየለበሰ ዞረ። ግድግዳው ላይ መረዋ እየዘፈነ ነው፤ በሩ ላይ መረዋ ቆሟል። የመጨረሻ ያየው ይህን ነው። ሰውየው ሲመለስ ስድስት ደቂቃ የዘፈነ ሰው አይመስልም ነበር፤ የሮጠ ሰው ይመስል ነበር።»

መረዋ ሁሉንም በየተራ አያቸው። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ቅያሜ ነበር።

«ዘፍኜዋለሁ» አለ። «ሦስት ሺህ ሰው ሰምቶኛል። አንቺም ሰምተሽኛል፤ አልቅሰሻል አሉ። የሰማሽውን ትክጂያለሽ?»

«አልክድም። እንግዲያው አንዲት መስመር ይዝፈኑልን። የመጀመሪያዋን ብቻ። በዚያው ከፍታ።»

«እዚህ? ሬሳ አጠገባችን ሆኖ?»

«ዝፈናት እንጂ!» አለ ድራመሩ። ድምፁ ተሰብሯል። «ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዘፍነሃት የለ? አንዲት መስመር ምን ትከብድሃለች? ዝፈናትና እኔ ልታሰርልህ!»

ቤዝ ጊታሪስቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች፣ ለመስማት።

መረዋ ወደ ማይኩ ዞረ። አርባ ዓመት መዝፈን ማለት ለሱ አንድ ነገር ነው፦ ቀኝ እጅ ማይኩን ከማቆሚያው ያነሣዋል፣ አውራ ጣት ከአንገቱ ያለውን ማብሪያ ገፋ ያደርጋል፣ ዓይን ይጨፈናል። አሁንም እንደዚያው አነሣው። አውራ ጣቱ ገፋ አደረገ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ዓይኑን ስለጨፈነ አላያትም።

የድምፅ ባለሙያው አያት። አፉን ከፈተ፤ መርማሪዋን አየ፤ መልሶ ዘጋው።

መረዋ ትንፋሹን ሰበሰበና ዘፈነ።

«በሩን ስትዘጊው...»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ወጡ። ሦስተኛው ከፍታውን ፍለጋ ወጥቶ መሐል መንገድ ላይ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የአየር ድምፅ ነበር፣ በተበሳ ጎማ እንደሚያልፍ። መድረኩ ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ከመጋረጃው ማዶ ግን ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ቆመ። 

ከዚያ አንድ ሰው ሣቀ።

«ማነው ይኼ?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከአዳራሹ። «ማይኩን ማን ሰጠው?»

«ዝጉት! ጆሯችን ተበላሸ!»

«መረዋን አምጡልን! ይኼን አንቋራሪ አውርዱልንና መረዋን አምጡልን!»

ፉጨቱና ሣቁ እንደ ውኃ መጋረጃውን ገፋው። «መረ-ዋ! መረ-ዋ!» የሚለው ጥሪ እንደገና ተነሣ፤ አሁን በቁጣ።

መረዋ ዓይኑን ገልጦ አረንጓዴዋን መብራት አየ። ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ማይኩን በሁለት እጁ፣ የሚሰበር ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ወደ ማቆሚያው መለሰ።

«ካሴቱ ነው» አለ የድምፅ ባለሙያው። ሹክሹክታ ነበር፤ ግን ክፍቱ ማይክ እንዳይወስደው ፈርቶ በእጁ አፉን ጋረደ። «ክብሩን ብዬ ነው። "ድምፄ አልደርስ ካለኝ አታዋርደኝ" ብሎ አስማለኝ። ሰው ይገድልበታል ብዬ... እኔ ካሴቱን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

«ስድስት ደቂቃ ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ መረዋ፣ ከማይኩ ፈቀቅ ብሎ። ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። «አንዴ እንደ ድሮው እንዲሰሙኝ። ከዚያ ቢሰቅሉኝም ግድ አልነበረኝም። እሱ ግን ሊነግራቸው ነበር።»

«አሁን ሰሙህ» አለች ቤዝ ጊታሪስቷ።

ሃምሳ አለቃው እጁን ሲይዘው አልታገለም። በቀኙ ኮሪደር በኩል ሲወስዱት ከኋላው ሕዝቡ ሳያቋርጥ ስሙን ይጠራ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳያስበው፣ ሊዞር ሞከረ።

*

ገና ሳይመሽ ሕዝቡ እየተነጫነጨ ወጣ። ማንም ምንም አልተነገረውም፤ ደረጃው ላይ ወጣቶች ተቃቅፈው በበሩ እየጀመሩ ይዘፍናሉ። ባለ ባርኔጣው ለሚያገኘው ሰው ሁሉ፣ «ያን ዘፈን ብቻ ሰምቼ ብሞት አይቆጨኝም» ይላል።

መኪናው ውስጥ መርማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ የሆነውን ሁሉ ለእህቷ ነገረቻት፤ እህቷ የተፈረመውን ሽፋን ጭኗ ላይ ይዛለች። ፊርማውን በጣቷ ሸፈነችው፣ ገለጠችው።

«እትዬ።»

«እ?»

«ያቺን አረንጓዴ መብራት ያኔውኑ አይተሻት ነበር?»

መርማሪዋ ሞተሩን አስነሣች።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ምን አለ አንድ ቃል ብትተነፍሺ? ማይኩ ክፍት ነው ብትዪው?»

መርማሪዋ ወደ መንገዱ ወጣች። ፊት ለፊታቸው የሚሄዱት ወጣቶች መሐል መንገድ ላይ ቆመው የመስኮቱ ግጥም ላይ ደርሰዋል፤ ሴትየዋ ከሩቅ እየመጣች ነው። እስኪያልፉላት ጠበቀች።

«እኔም ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አለች። «የራሱን ድምፅ መስማት ፈለግኩ።»